የማይዞረው ጥላ፦ በበረራ ሲሙሌተር አውሮፕላኖች ላይ ብርሃንን ቤክ ስለማድረግ

በበረራ ሲሙሌተር ውስጥ አንድ ዳግላስ ዲሲ-3 አውሮፕላን አስፋልት ላይ ያቁሙና ካሜራውን ክንፉ ከአውሮፕላኑ አካል ጋር ወደሚጋጠምበት ቦታ ያስጠጉት። ሞዴሉ በጥንቃቄ የተሠራ ከሆነ ጥጉ ላይ ወደ ውጭ እየሳሳ የሚሄድ ጥቁረት ያያሉ። ስለታም ጠርዝ የለውም። ሰዓቱን ከማለዳ ወደ ቀትር ቢቀይሩት የፀሐይዋ ጥላ አስፋልቱ ላይ ይዞራል፤ ይህኛው ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። እሱ ባይኖር ክንፉ ከአካሉ የበቀለ ሳይሆን በማጣበቂያ የተለጠፈ ይመስላል። ዓይናችን አንድ ነገር ሌላውን መንካቱን የሚረዳው በአብዛኛው በእንዲህ ዓይነቱ ለስላሳ ጥላ ነውና።

ይህን ጥላ ሲሙሌተሩ እርስዎ በሚያዩበት ሰዓት አላሰላውም። ሞዴሉን የሠራው ሰው ገና ሥራው ላይ ሳለ በራሱ ኮምፒውተር አስልቶት፣ ውጤቱን አውሮፕላኑ በሚለብሰው ምስል ውስጥ አስቀምጦታል። ምስሉ ቴክስቸር ይባላል፤ ብርሃንና ጥላን አስልቶ እዚያ ውስጥ የማስቀመጡን ሥራ ደግሞ የሙያው ሰዎች ቤክ ማድረግ ይሉታል።

ለምን አስቀድሞ ይሠራል? ጊዜ ስለማይበቃ ነው። ሲሙሌተሩ በሴኮንድ 60 ምስል እንዲያሳይ ከተፈለገ ለእያንዳንዱ ምስል ያለው ጊዜ 16.7 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት መሬቱን፣ ደመናውን፣ የኮክፒቱን መሣሪያዎችና የበረራውን ስሌት ሁሉ መጨረስ አለበት። በቪአር መነጽር ለሚበር ሰው ደግሞ ይብሳል፤ በሴኮንድ 90 ምስል ሲሆን የሚተርፈው 11 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው፣ ያውም ለሁለት ዓይን። ብርሃን ከሰማይ ወርዶ፣ ክንፉ ላይ ነጥሮ፣ በአካሉ ጎን ተመልሶ፣ በየስርጓጉጡ እንዴት እንደሚደርስ በትክክል ማስላት ግን ለአንድ ምስል ብቻ ደቂቃዎችን፣ አንዳንዴም ሰዓታትን ይፈልጋል። ስለዚህ ከበረራ ወደ በረራ የማይለወጠውን የብርሃን ክፍል ለይቶ ቀድሞ መጨረስ ግድ ሆነ።

ዘዴው የተወለደው ከበረራ ሲሙሌተር ዓለም ውጭ ነው። አይዲ ሶፍትዌር በ1996 እ.ኤ.አ. ያወጣው ኩዌክ የተሰኘ የኮምፒውተር ጨዋታ የግድግዳዎቹን ብርሃንና ጥላ አስቀድሞ አስልቶ ያስቀምጥ ነበር። ዛሬ ለአውሮፕላን ሞዴል በብዛት የሚሠራበት፣ አምቢየንት ኦክሉዥን የሚባለው ዓይነት ደግሞ የታወቀው በፊልም በኩል ነው። ኢንደስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ የተባለው የፊልም ኢፌክት ድርጅት በ2001 ለወጣው «ፐርል ሃርበር» ፊልም ተጠቅሞበታል፤ ለዚህ ሥራ ሃይደን ላንዲስና ሁለት ባልደረቦቹ በ2010 ከአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት አግኝተዋል። በጦር አውሮፕላኖች የተሞላ ፊልም ያስፋፋው ዘዴ በመጨረሻ የትርፍ ጊዜ አብራሪዎች ኮምፒውተር ላይ መድረሱ ደስ ይለኛል።

አምቢየንት ኦክሉዥን የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ ከአውሮፕላኑ ቆዳ ላይ ካለች አንዲት ነጥብ ወደ ውጭ ሲታይ፣ ዙሪያዋ ምን ያህሉ ክፍት ነው? በአካሉ ጀርባ ላይ ያለችን ነጥብ የሚከልላት ነገር ስለሌለ ነጭ ትሆናለች። በክንፉ ሥር አጠገብ ያለችው ግን በአንድ ጎኗ አካሉ ስለቆመባት ግራጫ ትሆናለች። ጎማው በሚታጠፍበት ጉድጓድ ውስጥ ያለችው ወደ ጥቁር ትጠጋለች። ስሌቱ ፀሐይ በየት በኩል እንዳለች አይጠይቅም። የሚያየው የአውሮፕላኑን ቅርጽ ብቻ ነው፤ ቅርጹ ደግሞ ጧትም ማታም ያው ነው። አስቀድሞ ሊሠራ የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከስሌቱ በፊት የአውሮፕላኑ ቆዳ ጠፍጣፋ ምስል ላይ መዘርጋት አለበት። ልብስ ሰፊ አንድን ኮት ስፌቱን ፈትቶ እጅጌውን፣ ጀርባውንና ኮሌታውን ጠረጴዛ ላይ እንደሚዘረጋው፣ ሞዴል ሠሪውም ክንፉን፣ ጭራውንና አካሉን እየቆረጠ በአንድ አራት ማዕዘን ላይ ይደረድራቸዋል። ይህ ዝርጋታ ዩቪ ይባላል። እያንዳንዱ ቁራጭ የራሱ ቦታ ሊኖረው ይገባል፤ ሁለት ቁራጮች ከተደራረቡ የአንዱ ጥላ በሌላው ላይ ይታተማል።

ቦታው ውድ ነው። የዲሲ-3 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 29 ሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ሁሉ 4096 ፒክስል ስፋት ባለው ምስል ላይ ቢዘረጉት አንድ ፒክስል 7 ሚሊሜትር ገደማ ትሸፍናለች። ለሪቬት ራስ ይህ አይበቃም፤ ለለስላሳ ጥላ ግን ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ ነው ብዙ ሠሪዎች ለጥላው የሚሆነውን ምስል በግማሽ አሳንሰው፣ በ2048 ፒክስል የሚያስቀምጡት። ትርፉ ቀላል አይደለም። 4096 በ4096 የሆነ ምስል ሳይታመቅ በአራት ባይት ሲቀመጥ 64 ሜጋባይት የግራፊክስ ካርድ ማህደረ ትውስታ ይይዛል፤ ጎኑ በግማሽ ሲያንስ ወደ 16 ይወርዳል።

አሁን አንዲት ፒክስል ብቻ እንከተል። የዲሲ-3 ሁለት ዋና ጎማዎች ወደ ሞተሮቹ ማቀፊያ ሥር ይታጠፋሉ። ሙሉ በሙሉ የሚደብቃቸው በር ስለሌለ አውሮፕላኑ አየር ላይ ሳለም የጎማው አንድ ክፍል ወጣ ብሎ ይታያል። ሶፍትዌሩ በዚያ ጉድጓድ ጣሪያ ላይ ያለችን አንዲት ፒክስል ይይዝና ከእሷ ተነስተው በየአቅጣጫው የሚበተኑ ጨረሮችን ይልካል፤ 256 ናቸው እንበል። አንዳንዱ ከፊት ያለውን ግድግዳ ይመታል፣ ሌላው ጎማውን የሚሸከመውን ምሰሶ፣ ሌላውም የማቀፊያውን ከንፈር። ምንም ሳይመቱ ወደ ክፍት አየር ያመለጡት 26 ብቻ ቢሆኑ ፒክስሏ የምታገኘው ከመቶ 10 ያህል ብሩህነት ነው። አጠገቧ ያለችው 31 ታስመልጣለች፣ የቀጠለችው 37። ያ ቀስ እያለ የሚሳሳው ጥላ የተሠራው ከእንደዚህ ዓይነት ቆጠራ ነው።

በ4096 በ4096 ምስል ውስጥ 16,777,216 ፒክስሎች አሉ። ሁሉም በአውሮፕላኑ ቁራጮች ቢሸፈኑ በ256 ጨረር 4.3 ቢሊዮን የሚጠጋ ጨረር ይላካል ማለት ነው። ለ16.7 ሚሊሰከንድ ይህ የማይታሰብ ነው። አንድ ጊዜ ሠርቶ ለሚጨርስ ሰው ግን ቡና አፍልቶ እስኪመለስ የሚያልቅ ሥራ ነው። የጨረሩን ቁጥር ቀንሶ ጊዜ ለማትረፍ መሞከር አያዋጣም፤ ምስሉ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስልና ያ አሸዋ ከአውሮፕላኑ ጋር ለዘላለም ይኖራል።

ሥራው በብሌንደር ሊሠራ ይችላል። ብሌንደር በነፃ የሚገኝ ሶፍትዌር ሲሆን፣ ከ2011 ጀምሮ በውስጡ ያለው ሳይክልስ የተባለው የብርሃን ማስያ ይህን ሁሉ ይሠራል። ስሪዲኤስ ማክስ የተባለው ሶፍትዌርም በሙያው ውስጥ የቆየ ነው፤ ዋጋው ግን ለትርፍ ጊዜ ሠሪ ይከብዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። የቤክ ማድረጊያውን ቁልፍ መጫን ማንም ይችላል። የባለሙያው ችሎታ የሚታየው ከመጫኑ በፊት ምን ከትዕይንቱ እንዳወጣ ሲታይ ነው።

ፕሮፔለሩ መውጣት አለበት። ባለ ሦስት ምላስ ፕሮፔለር ቆሞ ሳለ ቤክ ከተደረገ የሦስቱ ምላሶች ጥላ በሞተሩ አፍ ላይ ታትሞ ይቀራል፤ ሞተሩ ሲነሳ ፕሮፔለሩ ይዞራል፣ ጥላው ግን አይዞርም። መሬቱም መውጣት አለበት። አንዳንዱ ሠሪ አውሮፕላኑ አስፋልት ላይ እንዲያምር ብሎ ከሥሩ ወለል ዘርግቶ ቤክ ያደርጋል። ውጤቱ ቆሞ ሲታይ ያምራል፤ 3,000 ሜትር ላይ ሲወጣ ግን ሆዱ በሌለ መሬት ጥላ ጠቁሮ ይበራል። ጎማዎቹም ከጉድጓዳቸው ተለይተው ለየብቻ ይሠራሉ፤ አለዚያ ጎማው ሲወርድ የቀድሞ ቅርጹ ጣሪያው ላይ ጥቁር ሆኖ ይቀራል።

በክንፉ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንቀሳቀሱት ክፍሎች፣ እንዲሁም የጭራው መሪዎች፣ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። እንዳሉ ከተተዉ በማጠፊያቸው ላይ ወፍራም ጥቁር መስመር ይታተማል፤ አብራሪው መሪውን ሲያዞር መስመሩ አብሮ ወጥቶ በፀሐይ ላይ ይታያል። መፍትሔው ጨረሩ የሚሄድበትን ርቀት ማሳጠር ነው። ጨረሩ ከጥቂት ሴንቲሜትር በኋላ ነገር ቢያገኝም እንዳላገኘ ከተቆጠረ ጥቁረቱ ክፍተቱ ውስጥ ብቻ ይቀራል።

የዩቪው ቁራጮች ጠርዝም የራሱ ጣጣ አለው። አውሮፕላኑ ከሩቅ ሲታይ ሲሙሌተሩ ምስሉን አሳንሶ ስለሚጠቀም ጎረቤት ፒክስሎች ይቀላቀላሉ። ከቁራጩ ውጭ ያለው ባዶ ቦታ ጥቁር ከሆነ ያ ጥቁረት በመገናኛው ላይ ክር መስሎ ይወጣል። ስለዚህ የቁራጩ ቀለም ከጠርዙ አልፎ ጥቂት ፒክስል እንዲፈስ ይደረጋል፤ ብሌንደር ሳይነኩት 16 ፒክስል ያፈሳል።

ቦታ ለመቆጠብ ግራና ቀኝ ክንፍ አንድ ቁራጭ እንዲጋሩ ማድረግ የተለመደ ነው። ሁለቱ ጎኖች እውነት ተመሳሳይ ከሆኑ ጥላው አይከፋም። የዲሲ-3 ወታደራዊ ወንድም የሆነው ሲ-47 ግን ከኋላ በግራ በኩል ትልቅ የጭነት በር አለው። አካሉን በመስታወት ገልብጠው ከተጋሩት የበሩ ጥላ በሌለበት በቀኝ በኩልም ይታያል፤ የመመዝገቢያ ፊደሉም በአንዱ ጎን ተገልብጦ ይነበባል። ክንፉን ያጋሩ፣ አካሉን አያጋሩ እላለሁ።

የፀሐይ ብርሃንን ቤክ ማድረግ ደግሞ ለአውሮፕላን ፈጽሞ አይመከርም። ሰዓቱ በማይቀየርበት ትዕይንት ለቤት ወይም ለአየር ማረፊያ ሕንፃ ይህ ሊያዋጣ ይችላል፤ ሕንፃ አይዞርም። አውሮፕላን ግን ሥራው መዞር ነው። ፀሐይ በግራ በኩል እንዳለች ተቆጥሮ የተሠራ ሞዴል ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ሲዞር ጥላው ከፀሐይዋ ጎን ይሆናል። ይህ በአሮጌ ሞዴሎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚታይ ነው፤ በሠሪዎቹ ግን አልፈርድም። በ2003 በወጣው ፍላይት ሲሙሌተር 2004 ኮክፒቱ ውስጥ ሲሙሌተሩ በራሱ የሚያሰላው ጥላ አልነበረም። ጥላ የፈለገ ሰው ከቀለሙ ጋር አዋህዶ ከመሳል ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ከመሣሪያ ሰሌዳው በላይ ያለው ከንፈር ከሥሩ ያሉትን ሰዓቶች እንዲያጠላ፣ እያንዳንዷ ማዞሪያ ሥሯ እንዲጠቁር ብለው በእጃቸው የደከሙ ሰዎች ሥራ ዛሬም ዓይን ይይዛል።

ቤክ የተደረገው ጥላ የት ይቀመጥ የሚለውም ውጤቱን ይወስናል። በድሮው መንገድ ጥላው በቀለሙ ላይ ተባዝቶ አንድ ምስል ይሆናል። ለተቀባ አውሮፕላን ይህ ያስኬዳል። ዲሲ-3 ግን ብዙ ጊዜ ያልተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ አልሙኒየም ነው። የብረት ቀለሙ የነጸብራቁ ቀለም ነው። እዚያ ላይ ጥቁረት ከተደመረ ጥላ መሆኑ ይቀርና ፀሐይ ፊት ለፊት እየመታችውም የማይጠፋ ጥቀርሻ ይመስላል።

አዲሶቹ ሲሙሌተሮች ለጥላው የተለየ ቦታ ሰጥተውታል። ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር 2020 ሦስት ነገሮችን በአንድ ምስል ሦስት የቀለም መስመሮች ያሸክማል፦ በቀዩ ኦክሉዥኑን፣ በአረንጓዴው የገጽታውን ሻካራነት፣ በሰማያዊው ብረት መሆን አለመሆኑን። የሚጠቀምበት ጂኤልቲኤፍ የተባለው የሞዴል ደረጃም ሕጉን በግልጽ ያስቀምጣል፤ ኦክሉዥን የሚቀንሰው በተዘዋዋሪ የሚመጣውን ብርሃን ብቻ ነው፣ ቀጥታ የፀሐይ ብርሃንን አይነካም። ይህ ትንሽ የምትመስል ሕግ ትልቅ ለውጥ አምጥታለች። የጎማው ጉድጓድ በደመናማ ቀን ይጨልማል፤ ጀንበር ስትጠልቅ ጨረሯ በአግድም ከገባ ግን እንደ እውነተኛው ጉድጓድ ይበራል።

የሌሊት ኮክፒት ደግሞ ቤክ ማድረግ ሙሉ አቅሙን የሚያሳይበት ቦታ ነው። በውስጥ ያሉት መብራቶች ከአውሮፕላኑ ጋር አብረው ስለሚሄዱ የአውሮፕላኑ መዞር አይለውጣቸውም። ከጣሪያው የሚወርደው ቀይ መብራት ሁልጊዜ ከዚያው ቦታ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ላይ እውነተኛውን ብርሃን፣ ነጠራውንና ጥላውን ጨምሮ፣ ሙሉ በሙሉ ቤክ ማድረግ ይቻላል። ኤክስ-ፕሌን የተባለው ሲሙሌተር ለዚህ ሊት የሚባል የተለየ ቴክስቸር ይቀበላል፤ ብሩህነቱንም አብራሪው በሚያዞራት ማዞሪያ እንዲጨምርና እንዲቀንስ ማሰር ይቻላል። በፍላይት ሲሙሌተር 2004 ደግሞ በፋይሉ ስም መጨረሻ ኤል የሚል ምልክት ያለው የሌሊት ምስል ይሠራ ነበር።

እዚህ ላይ ብርሃን ራሱ አንድ ጥሩ ባሕርይ አለው፤ ይደመራል። የሁለት መብራቶች ውጤት የየብቻቸው ውጤት ድምር ነው። ስለዚህ የጣሪያውን መብራት ለብቻ፣ የካርታውን መብራት ለብቻ ቤክ አድርጎ ሲሙሌተሩ በፈቀደው መጠን ለየብቻ መቆጣጠር ይቻላል። ድምሩ ግን መደረግ ያለበት ምስሉ ለስክሪን ከመስተካከሉ በፊት ነው። ከተስተካከለ በኋላ የተደመረ ብርሃን ያለ ልኩ ነጭ ይሆናል። የማረፊያ መብራት ግን ቤክ አይደረግም፤ የሚወድቀው በየጊዜው በሚለዋወጥ መሬት ላይ ነው።

የግራፊክስ ካርዶች እየበረቱ በሄዱበት ዘመን ይህ ሁሉ ጊዜው አላለፈበትም ወይ የሚሉ አሉ። ሲሙሌተሮች ዛሬ ለስላሳ ጥላን በራሳቸው ይሠራሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን በአብዛኛው የሚሠሩት በስክሪኑ ላይ ከሚታየው በመነሳት ነው። ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ የወጣ ክንፍ ለስሌቱ የለም ማለት ነው፤ ካሜራው ሲዞር ጥላው ብልጭ ድርግም የሚለውም ለዚህ ነው። ጥግን እንጂ የጎማ ጉድጓድን ጥልቀት በደንብ አያውቁም። ቤክ የተደረገው ጥላ ግን ከየትም ቢታይ ያው ነው፣ በየምስሉ የሚያስከፍለውም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። የሁለቱ ጥምረት ከየብቻቸው ይሻላል፤ ትልቁን የቅርጽ ጥላ ቤክ ያደርጉታል፣ በሚንቀሳቀሱ ነገሮች መካከል ያለውን ለሲሙሌተሩ ይተዉለታል። ሁለቱም ሲደመሩ ጥጉ ከልክ በላይ እንዳይጠቁር የቤኩን ኃይል ቀነስ ማድረግ ደግሞ የግድ ነው። ከሚያጋጥሙኝ ሞዴሎች ብዙዎቹ የሚበላሹት ጥላ በማነስ ሳይሆን በመብዛት ነው።

የአየር መንገድ ቀለም ለሚቀቡ ሰዎችም ይህ ጉዳይ ቅርብ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገው በሲ-47 ነው። ያን አውሮፕላን በሲሙሌተር ቀብቶ ማብረር የሚፈልግ ሰው ከሞዴሉ ሠሪ የሚያስፈልገው ጥላው ከቀለሙ ተለይቶ በራሱ ሽፋን የተቀመጠበት የቀለም ፋይል ነው። ጥላው ከድሮው ቀለም ጋር ተዋህዶ ከመጣ በአዲሱ ቀለም ሲሸፈን ጥላውም አብሮ ይጠፋል፣ አውሮፕላኑም የፕላስቲክ መጫወቻ ይመስላል። ስለዚህ ሞዴል የምትሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ የኦክሉዥኑን ሽፋን ለይታችሁ ከፋይሉ ጋር ስጡ።

መሞከር የሚፈልግ ሰው በሙሉ አውሮፕላን አይጀምር። አንድ ጎማ፣ አንድ ምሰሶና አንድ ጉድጓድ ይሥራ፤ እነሱን በ512 ፒክስል ቤክ አድርጎ ወደ ሲሙሌተሩ ያስገባ። ከዚያ አውሮፕላኑን ወደ አራቱም አቅጣጫ እያዞረ ጧት፣ ቀትር ላይ፣ በደመናማ ሰማይና ሌሊት ይየው፤ ጎማውንም አየር ላይ ያስገባው፣ ያውጣው። በየትኛውም ሰዓት ዓይኑን የሚቆረቁረው ጥላ ካለ ያ ጥላ ቤክ መደረግ ያልነበረበት ነውና አውጥቶ እንደገና ይሥራው።